ዝናሙ በረከት፥ ጎርፉ ዕዳ

በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ከሰኔ 26 ቀን ጀምሮ እስከ መስከረም 25 ቀን ያለው ጊዜ ዘመነ ክረምት ይባላል። በዚህ ወራት በማሕሌቱም በቅዳሴውም ደመናውና ዝናሙ፥ ዘሩና ቡቃያው ይታሰባሉ። ካህናት ዝናሙ በልኩና በጊዜው እንዲወርድ ይጸልያሉ፤ የቀረ እንደ ሆነም ሕዝቡ ምሕላ ይይዛል፥ ሽማግሌውም ሕፃኑም በአንድነት እግዚኦታ ያሰማል። እንግዲህ ልመናችን ተሰምቶ ዝናሙ በጣራችን ላይ በወረደ ጊዜ ምን እናደርግበታለን? አብዛኞቻችን በአጭሩ መንገድ ከግቢያችን እንዲወጣ እናደርገዋለን። ለምነን የተቀበልነውን ስጦታ ከደጃችን አውጥተን እንጥለዋለን፤ ከወጣ በኋላም ወዴት እንደሚሄድና በማን ላይ እንደሚደርስ አንጠይቅም። በዚህ ጽሑፋችን ልንመረምረው የፈለግነው ይህንኑ ነው።

እግዚአብሔር ዝናምን ሲሰጥ በጻድቅና በኃጥእ መካከል ልዩነት እንደማያደርግ ጌታችን በተራራው ስብከቱ አስተምሮናል። ፎቁንና የጭቃውን ቤት አንድ ደመና ያጠጣቸዋል። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 11 ደግሞ ሙሴ እስራኤል የሚወርሷት ምድር እንደ ግብፅ በሰው ድካም የምትጠጣ ሳትሆን የሰማይን ዝናም የምትጠጣ ተራራማና ሸለቆማ አገር መሆንዋን ገልጾ፥ እንዲህ ያለችውን አገር እግዚአብሔር ራሱ ዓመቱን በሙሉ እንደሚጐበኛት ነግሯቸዋል። የእኛም አገር ደጋ ምድርዋ ተራራማና ሸለቆማ፥ ዐይንዋን ወደ ሰማይ ዝናም ያነሣች ናት። ስለዚህ ዝናሙ ሀብታችን ብቻ ሳይሆን አደራችንም ነው። አደራ የተቀበለ ሰው ሁለት ጥያቄ ይጠየቃል፤ አንደኛው «የተሰጠህን ምን አደረግህበት?» የሚል ነው፤ ሁለተኛውም «በእርሱ ምክንያት በጐረቤትህ ላይ ጉዳት አደረስህን?» የሚል ነው።

በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 3 የተጻፈውን ታሪክ እናስታውስ። ሦስት ነገሥታት ሞዓብን ሊወጉ በምድረ በዳ ሰባት ቀን ተጉዘው ለሠራዊታቸውና ለከብቶቻቸው የሚሆን ውኃ አጡ። ወደ ነቢዩ ኤልሳዕ በቀረቡ ጊዜ ያገኙት ትእዛዝ አስቀድሞ በሸለቆው ውስጥ ብዙ ጉድጓድ እንዲቆፈር የሚል ነበር። ነፋስም ዝናምም ሳይታይ ተቆፈረ፤ በማግሥቱም ማለዳ ውኃው በኤዶም በኩል መጥቶ ምድሪቱን ሞላት። እግዚአብሔር ያለ ጉድጓድም ሊያጠጣቸው ይችል ነበር፤ ነገር ግን በተአምራቱ ውስጥ የሰውን ዶማ አልናቀም። ከዚህ የምንማረው መቆፈር የሰው፥ መሙላት የእግዚአብሔር መሆኑን ነው። እኛ ግን መሙላቱን አጥብቀን እየለመንን መቆፈሩን እንተወዋለን።

አባቶቻችን ይህን ትምህርት በሥራ ገልጸውታል። በአክሱም ማይ ሹም የሚባለው ጥንታዊ የውኃ ማከማቻ ዛሬም የጥምቀት በዓል ይከበርበታል። በጎንደር በዐፄ ፋሲል ስም የሚጠራው ባሕረ ጥምቀት ውኃውን ከቀሐ ወንዝ በቦይ ይቀበላል። በላሊበላ ብዙዎቹ አብያተ ክርስቲያናት ወደ ዐለቱ ጠልቀው የተፈለፈሉ ስለ ሆኑ፥ የክረምቱ ዝናም መውጫ ባያገኝ ኖሮ አደባባያቸው ሁሉ ኩሬ በሆነ ነበር፤ ስለዚህ ጠራቢዎቹ ለጸሎቱ ቤት ብቻ ሳይሆን ለውኃው መንገድም አስበው የመውረጃ ጉድባ ከዐለቱ ፈልፍለዋል። የኮንሶ ወገኖቻችን ደግሞ በተራራቸው ወገብ ላይ ድንጋይ ክበው በሠሩት እርከን አፈራቸውንም ውኃቸውንም ሲጠብቁ ኖረዋል፤ መልክዐ ምድራቸውም በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦላቸዋል። የእነዚህ ሁሉ ጥበብ ሲጠቃለል አንድ ነው፤ ውኃ በመጣ ጊዜ ወደ ሌላው አትግፋው፥ ቦታ ስጠው የሚል ነው።

አሁን ወደ ዘመናችን ከተማ እንመለስና አዲስ አበባን ለምሳሌ እንውሰድ። ከተማዪቱ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከእንጦጦ ተራራ ጀምራ ወደ ደቡብ፥ ወደ አቃቂ ሜዳ እያዘነበለች የተሠራች ናት። በዓመት በአማካይ 1,100 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናም ታገኛለች፤ ከዚህም ከግማሹ እጅግ የሚበልጠው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት አራት ወራት ይወርዳል። ውኃው በቀበና፥ በግንፍሌ፥ በባንቴ ይቄጡና በሌሎችም ወንዞች ተሰብስቦ በትልቁና በትንሹ አቃቂ አድርጎ ወደ አባ ሳሙኤል፥ ከዚያም ወደ አዋሽ ይሄዳል። ይህ ሁሉ ውኃ በሚያልፍባት ከተማ ውስጥ ግን የቧንቧ ውኃ በፈረቃ የሚጠብቁ ሰፈሮች ብዙ ናቸው። በክረምት ሌሊት ጎርፉ በደጁ እየጮኸ ሲያልፍ በቤቱ ባዶ ጀሪካን ደርድሮ የሚያድር ቤተ ሰብ ጥቂት አይደለም።

ነገሩን በሒሳብ እንየው። በ1 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናም ቢወርድ 1 ሊትር ውኃ ይሆናል። 50 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣራ ያለው ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብለት 1,000 ሊትር ወረደለት ማለት ነው። ከዚህ የሚረጨውንና የሚባክነውን አንድ አምስተኛ ብንቀንስ 800 ሊትር፥ ይኸውም ባለ 20 ሊትር 40 ጀሪካን ይተርፈዋል። በዚሁ ስሌት የዓመቱ ሲደመር 44,000 ሊትር ይደርሳል። ይህ ገንዘብ ያልተከፈለበት፥ ወረፋ ያልተጠበቀበት በረከት ነው። ዳሩ ግን ያው 800 ሊትር ውኃ 800 ኪሎ ይመዝናል። ከግቢያችን ገፍተን ስናስወጣው 800 ኪሎ ሸክም በጐረቤታችን ላይ ጫንን ማለት ነው። በአንድ ዳገታማ መንደር 50 እንዲህ ያለ ቤት ቢኖር በአንድ ዝናም 40,000 ሊትር፥ ይህም 40 ቶን ውኃ በጠባቡ መንገድ ቁልቁል ይወርዳል። በረከቱ ዕዳ የሚሆነው በዚህ ጊዜ ነው።

መሬቱ ሣርና ዛፍ በነበረበት ዘመን ከዝናሙ ብዙው ቀስ ብሎ ይሰርግ፥ የቀረውም በዝግታ ወደ ወንዝ ይደርስ ነበር። ዛሬ ጣራው ሰፍቷል፤ መንገዱ አስፋልት፥ ግቢው የሲሚንቶ ሊሾ ሆኗል። ስለዚህ ውኃው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይሮጣል፤ ሲሮጥም ያገኘውን ፌስታል፥ የፕላስቲክ ጠርሙስ፥ ጭቃና እድፍ ሁሉ ይዞ ይሄዳል። ቦዩ በዚህ በተዘጋ ጊዜ ጎርፉ መንገዱን ለቆ ወደ ሰው ቤት ይገባል። ለመሆኑ ወደ ማን ቤት ነው የሚገባው? ከታች በወንዙ ዳር፥ ኪራዩ ርካሽ በሆነበት ስፍራ፥ የጭቃ ግድግዳ ተደግፎ ወደሚኖረው ወገናችን ቤት ነው። ከላይ ያለው ሰው ጥፋቱን ሳያይ ይተኛል፤ ከታች ያለው ልጆቹን በአልጋ ላይ አቁሞ ያድራል።

የላይኛው ዝናም የታችኛውን ሰው እንዴት እንደሚያጠፋ በድሬዳዋ አይተናል። ለሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ፥ ከከተማዪቱ በላይ ባሉት ተራሮች የወረደው ዝናም በደቻቱ ወንዝ መጥቶ ሕዝቡ በተኛበት ደረሰ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙ ሺህ ሰዎችም ከቤታቸው ተፈናቀሉ። እንዲህ ያለውን መዓት በርሜልና አካፋ ብቻ ያግደው ነበር አንልም። ነገር ግን የማይለወጠውን ሕግ አሳይቶናል፤ ከላይ ያልተያዘውን ውኃ ዋጋውን የሚከፍለው ከታች ያለው ነው።

አንዳንድ ሰዎች ጎርፍ የእግዚአብሔር ቍጣ ነውና ሰው ምን ሊያደርግ ይችላል ይሉ ይሆናል። በኖኅ ዘመን የሆነውን እናውቃለን፤ ከዚያም በኋላ ምድርን ዳግመኛ በጥፋት ውኃ እንዳያጠፋ እግዚአብሔር ቃል ኪዳን መግባቱን፥ ለቃል ኪዳኑም ቀስተ ደመናን ምልክት ማድረጉን እናውቃለን። በተዘጋ ቦይ ምክንያት የመጣውን ጥፋት ለእግዚአብሔር ቍጣ ብንሰጠው የእጃችንን ሥራ በአምላክ ላይ ማሳበብ ይሆንብናል። ንስሐ የሚገባበትን ነገር ለይቶ ያላወቀ ሰው ንስሐው ፍሬ አይኖረውም።

ሌሎች ደግሞ ይህ የመንግሥትና የማዘጋጃ ቤት ሥራ ነው ይላሉ። እውነት ነው፤ ትልልቁን ቱቦ መቅበር፥ ድልድዩን ማስፋት፥ የወንዙን ዳር መጠበቅና በዚያ ለሚኖሩት ሰዎች ደኅና ስፍራ መስጠት የባለ ሥልጣን ግዴታ ነው፤ ይህንንም መጠየቅ ተገቢ ነው። ነገር ግን ከጣራችን ጠፈጠፍ እስከ በራችን ድረስ ያለው ውኃ የእኛ ነው። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድን የተወ ሰው፥ በሬ ወይም አህያ የወደቀበት እንደ ሆነ ባለ ጉድጓዱ እንዲከፍል ታዟል። ይህ ሰው በሬውን በእጁ አልገፋውም፤ የተፈረደበት መክደን ሲገባው ስላልከደነ ነው። የጎርፍ መውረጃውን የብረት ክዳን አውልቆ የሚሸጥ፥ የተሰረቀ መሆኑን እያወቀም የሚገዛ ሰው ይህን ፍርድ ያስብ። ሌሊት በጎርፍ በተሸፈነው ጉድጓድ ውስጥ የሚወድቀው በሬ ሳይሆን ከሥራ የሚመለስ የሰው ልጅ ነውና። ጥራጊውን በቦይ ውስጥ የሚደፋውም፥ ዝናሙን ጠብቆ የመጸዳጃ ጉድጓዱን ወደ ጎርፉ የሚለቀውም ከዚህ ፍርድ ውጭ አይደለም። ይህ የኋለኛው ሥራ ይልቁንም ከባድ ነው፤ የአንዱን ቤት እድፍ የብዙ ሕፃናት በሽታ ያደርገዋልና።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አስቀድመን ከጣራችን እንጀምር። በቆርቆሮው ጠርዝ አሸንዳ አድርገን፥ በቱቦ ወደ በርሜል ወይም ወደ ውኃ ታንከር እናውርደው። በአፉ ላይ ቅጠልና ጉድፍ የሚያስቀር የሽቦ ወንፊት ይደረግበት። ከደረቅ ቀናት በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው ዝናም የወፍ ኩስና አቧራ ስለሚያጥብ ወደ በርሜሉ ሳይገባ ይለፍ። በርሜሉ ሲሞላ ከባድ ነውና በጠንካራ የድንጋይ መደብ ላይ ይቀመጥ፤ ሕፃን እንዳይገባበትና ትንኝ እንዳይራባበት ሁልጊዜ ይከደን፤ በቆላ ከተሞች የደንጊ ትኩሳት የሚያመጣው ትንኝ በቤት አጠገብ በተጠራቀመ ውኃ ይፈለፈላልና። ይህ ውኃ ለልብስ አጠባ፥ ለጽዳትና ለአትክልት ይበቃል፤ ለመጠጥ ግን ሳይፈላ ወይም በመድኃኒት ሳይታከም አይሰጥ። በርሜሉ ሞልቶ የሚተርፈውም ወደ ጐረቤት አጥር ሳይሆን ወደ ገዛ ጓሯችን እንዲፈስ እናድርግ።

ሁለተኛው ግቢያችን ነው። ግቢውን በሙሉ በሲሚንቶ መድፈን ንጽሕና ይመስላል፤ ነገር ግን የመሬትን አፍ መዝጋት ነው። ለመተላለፊያ የሚያስፈልገውን ያህል ደፍነን የቀረውን ለሣር፥ ለዛፍና ለጎመን መደብ እንተወው። አፈሩ የሚያሰርግ ከሆነ ድንጋይና ጠጠር የተሞላ የውኃ ማስረጊያ ጉድጓድ ማዘጋጀት ይቻላል። ይህን ለማወቅ እስከ ጉልበት የሚደርስ ጉድጓድ ቆፍሮ ውኃ መሙላት ነው፤ በማግሥቱ ውኃው እንዳለ ከተገኘ ያ ስፍራ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ጥቁር የመረሬ አፈር ሲረጥብ ስለሚያብጥና ውኃ ስለማያሳልፍ ለማስረጊያ አይመችም፤ መሬት በሚንሸራተትበት ገደላማ ስፍራም ይህን ማድረግ አደጋ አለው። ጉድጓዱ ከቤቱ መሠረት ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ፤ ከመጸዳጃ ጉድጓድም ይለይ።

ሦስተኛው የመንደሩ ቦይ ነው። ጠረጋው ጎርፉ ከመጣ በኋላ ሳይሆን በግንቦት፥ ሰኔ ሳይገባ መደረግ አለበት። ከቦዩ የወጣው ደለል በዳር ተከምሮ የተተወ እንደ ሆነ የመጀመሪያው ዝናም መልሶ ይከተዋልና በዚያው ቀን ይነሣ። መኪና ለማስገባት ብለን በበራችን ፊት ቦዩን በድንጋይና በሲሚንቶ ያጠበብን እንደ ሆነ፥ የሠራነው መሻገሪያ ለእኛ ድልድይ፥ ለመንደሩ ግን ግድብ መሆኑን እንወቅ። ሌሊት ዝናሙ በበረታ ጊዜ ከላይ ያለው ሰው ከታች ላለው በስልክ ይንገር፤ አንዲት ቃል አንድ ቤተ ሰብ ልታድን ትችላለችና።

ይህን ሁሉ አንድ ሰው ብቻውን አይችለውም። አራት በርሜል ያለው ሰው እንኳ በአንድ ብርቱ ዝናም በርሜሎቹ ሞልተው የቀረው ከእጁ ያመልጠዋል። ነገር ግን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፥ 40 ቶኑ ውኃ ለአንዱ የወንዝ ዳር ቤት ጥፋት ሲሆን ለሃምሳው ቤት በየድርሻው ሲካፈል የጓሮ ልምላሜና የጀሪካን ሙላት ይሆናል። ለዚህ የሚሆን ማኅበር አዲስ መፍጠር አያስፈልገንም። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክለው እድራችን ሰው ሳይሞት ቦይ ቢጠርግ ከዓላማው አይወጣም። ሰንበቴውና የጽዋ ማኅበሩም ከጸበል ጸዲቁ በኋላ በጥቂት ጊዜ ምክክር የቦዩን ጠረጋ ተራ ሊያወጣ ይችላል። ለመበለቲቱና ለአረጋዊው አሸንዳ ገዝቶ መስቀልም ምጽዋት ነው።

በጠፈጠፍና በወሰን ምክንያት ከጐረቤት ጋር የሚጣሉም አሉ። ይስሐቅ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 26 እንደ ተጻፈው አባቱ ያስቆፈራቸውን፥ ጠላት የደፈናቸውን የውኃ ጉድጓዶች መልሶ ሲያስቆፍር፥ የጌራራ እረኞች በውኃው በተጣሉት ጊዜ ጠብን በጠብ አልመለሰም፤ ጠብ የሌለበትን ጉድጓድ እስኪያገኝ ድረስ ሌላ ማስቆፈሩን ቀጠለ፥ በመጨረሻም ስፍራ ሰፋለት። እኛም ከላይ የሚኖረው ጐረቤታችን ውኃውን ቢለቅብን በእልክ ይበልጥ አድርገን በታችኛው ላይ አንልቀቅ። ክፉው ሥራ በእኛ ግቢ ደርሶ ይቁም፤ ከዚያም ከላይኛው ጋር በሽማግሌ ፊት ተነጋግረን ለውኃው የጋራ መንገድ እናብጅለት።

ቤተ ክርስቲያንም በዚህ ሥራ ምሳሌ ልትሆን ይገባታል። 400 ካሬ ሜትር ጣራ ያለው ቤተ መቅደስ 20 ሚሊ ሜትር ዝናም በወረደ ጊዜ 8,000 ሊትር ይቀበላል። ይህን ውኃ ለችግኝ፥ ለጽዳትና ለግንባታ ያዋለ ሰበካ ጉባኤ የቧንቧውን ውኃ ለምእመናኑ ያተርፋል። በየአጥቢያው ያሉት የአጸድ ዛፎች ጥላና ሞገስ ብቻ አይደሉም፤ ሥራቸው ዝናሙን ወደ ምድር ያስገባል፥ ቅጠላቸው የጠብታውን ኃይል ይሰብራል። ስለዚህ ሕንጻ ለመጨመር ተብሎ ዛፍ የሚቆረጥበት ጊዜ ከታች ያለው መንደር ጥበቃውን እንደሚያጣ ሰበካው አስቀድሞ ያስብ። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችም ማሕሌቱን በሚያጠኑበት ትጋት የአጥቢያውን ቦይ ቢጠብቁ፥ በመዝሙር ያመሰገኑትን ዝናም በሥራም አከበሩት ማለት ነው።

ወገኖቻችን ሆይ፤ በመጨረሻው ቀን ጌታችን የሚጠይቀን የተራበውን ስለማብላት፥ የተጠማውን ስለማጠጣት፥ እንግዳውን ስለመቀበል መሆኑን ከወንጌል ተምረናል። ከጣራችን የወረደውን ውኃ ይዘን የተጠማውን ማጠጣት ይቻለናል፤ ያንኑ ውኃ ለቀን ደግሞ ቤት የነበረውን ሰው ቤት የሌለው እንግዳ ልናደርገው እንችላለን። ውኃው አንድ ነው፤ በረከትና ዕዳ የሚለየው በእጃችን ነው። እንግዲህ የሚመጣው ክረምት ሳይደርስ ዶማውንና አካፋውን እናንሣ፤ የሚቆፈረውን እንቆፍር፥ የሚከደነውን እንክደን፥ የተዘጋውን እንክፈት። ከዚያም በኋላ እጃችንን ዘርግተን ዝናሙን ብንለምን ልመናችን ከሥራችን ጋር ይስማማል።

የዝናም ጌታ እግዚአብሔር ለአገራችን የምሕረት ዝናም፥ ለእኛም አደራውን የምንጠብቅበት ልብ ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።